ሚስተር ዓለም በሕግ አምላክ የተባለለት ጊዜ

ባለፈው ሐሙስ ሚስተር ዓለም እንደገና ሲሞት አየሁት። የልጄ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ፀሐዩ እስኪበርድ እየጠበቅሁ ነበር። የሸዋ ሮቢትን የስምንት ሰዓት ፀሐይ የቀመሰ ያውቃታል፤ ባጃጅ ነጂው እንኳ ወንበሩ ላይ እርጥብ ፎጣ አንጥፎ ነው የሚቀመጥ። ጎረቤታችን ያለው ጁስ ቤት ቴሌቪዥኑን እስከ ጥግ ከፍቶት፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ የውጭ አገር ተከታታይ ፊልም ይታያል። አንድ ነጭ ሽማግሌ አልጋ ላይ ተኝቶ ያጣጥራል። ዓይኔ ደክሟል፤ ግን ያቺን ወደ ላይ የምትሸሽ የግራ ቅንድቡን ሳይ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ራሱ ነው። እኔ በማውቀው ጊዜ «ውሃ» ማለት አቅቶት «ዉካ» እያለ ሲያስቀን የነበረ ሰው፣ የሌላ ሰው ድምፅ ተውሶ እንደ አዲስ አበባ ልጅ አማርኛውን ያንበለብለዋል። ጁሱን የሚጠጡት የደሴ መንገደኞች አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩትም። እኔ ብቻዬን ቆሜ «ደግሞ ገደሉት!» ስል ልጄ ደንግጣ ከሱቁ ወጣች፤ ማንን እንደገደሉ ጠየቀችኝ።

ማንን ብዬ ልንገራት? ልጄ የምታውቃት ሸዋ ሮቢት የዛሬዋ ናት፤ የማሾ ጆንያ የተቆለለባት፣ ባጃጅ የሚራኮትባት፣ የደሴ መኪና ለምሳ የሚቆምባት። የኔዋ ሌላ ነበረች። አንድ አስፋልት፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ የቆርቆሮና የሣር ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና ብርቱካን። ብርቱካን በአሥር ሳንቲም እቅፍ ሙሉ ነው፤ ሻጯ ደግሞ መርቃ ትጨምራለች። ለስላሳ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ እሱንም ጠርሙሱን በገመድ አስረው ጉድጓድ ውስጥ አንጠልጥለው ነው የሚያቀዘቅዙት። እኔ ሰማያዊ የቴትሮን ቀሚስ ነበረችኝ፣ ከጉልበቴ ከፍ ያለች፤ እናቴ ባየቻት ቁጥር ታማትብባታለች። ወንዱ ከተማ የቀመሰ ከሆነ እግሩ የሰፋ ሱሪ ያደርጋል፣ ካልሆነ ሽርጡን ያገለድማል። ልብስ ሰፊው ደጃፍ ያለች አንዲት ሬዲዮ ለመንደሩ ሁሉ ትዘፍን ነበር፤ ባትሪዋ ሲደክም ዘፋኙ የታመመ ይመስለንና «ኧረ ማረው» እንላለን። ያኔ ማን ይገዛን እንደነበር አትጠይቁኝ። የሚገዛን መቼም ጠፍቶ አያውቅም።

ደብረ ብርሃን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ሥራ አጥቼ የተመለስኩበት ዓመት ነው። ፈረንጆቹ ካሜራና ድንኳናቸውን በመኪና ጭነው መጡና እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አምጡ ሲሉ ከተማው ሁሉ እኔን ገፍቶ ፊት አወጣኝ። የኔን እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ህንዳዊ ነው። ሚስተር ዓለምን መጀመሪያ ቀን ሳዳምጠው አንድ ቃል አልገባኝም፤ አፈርኩ። እንግሊዝ መስሎኝም «እናንተ እንግሊዞች» ስለው ፊቱ በርበሬ መሰለ። አገሩ ስኮትላንድ ነው፤ እንግሊዝ ማለት ለሱ ስድብ ነው። «ር»ን ከኛም አስበልጦ ያንከባልላታል። እናቱ ከሰሜን ደሴት የመጣች ሴት ናት፣ ቤት ውስጥ የምታወራውም እንግሊዝኛ ያልሆነ የራሷ ቋንቋ ነው። ስሙ ካለም ነበር። የኛ ሰው ካለም የሚባል ስም አላውቅም ብሎ ዓለም አደረገው፤ ትርጉሙን ስነግረው ደስ ብሎት ተቀበለ።

ቀረጻው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሮቢ ወንዝ ዳር ነበር። ዛሬ ቦታው የሽንኩርት ማሳ ሆኗል። የፊልም ሥራ ማለት መጠበቅ ነው፤ ደመና እስኪያልፍ መጠበቅ፣ ግመል እስኪነሣ መጠበቅ። እየጠበቅን ግራር ሥር ሕይወቱን ያጫውተኝ ነበር። አባቱ መርከብ የሚሠራበት ቦታ በያጅ ነበር፤ እሱም ልጅነቱን እዚያው ብረት ሲበይድ አሳልፎ፣ ማታ ማታ የሠራተኞቹ አዳራሽ ውስጥ ቲያትር መሥራት ጀመረ። አንድ ሰው አይቶት ለቴሌቪዥን ወሰደው። የመጀመሪያ ሥራው በር ሲከፍት በጥይት የሚመታ ፖሊስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲሞት ነው የኖረው። በጎራዴ ሞቷል፣ በመርዝ ሞቷል፣ ከድልድይ ተወርውሯል። እኔ ሥቄ «ሞተህ ነዋ የምትበላው!» ስለው ሳቀና ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። እስከዚያ ቀን ድረስ በሠራው ሁሉ አንድ ቃል ሳይናገር ነው የሚገድሉት። አባቱ ሲኒማ ቤት ገብቶ ልጁ አፉን ሳይከፍት ሲወድቅ አይቶ፣ «ድምፅህን የሸጥክላቸው ለምንድን ነው?» ብሎት፣ ብዙም ሳይቆይ አርፏል። ይህ ፊልም ግን ሌላ ነው አለኝ። እዚህ ከመሞቱ በፊት አንድ ገጽ ሙሉ የሚናገረው አለው፤ በዕድሜው ሙሉ ሲጠብቃት የነበረች ገጽ ናት። እጥፍጥፍ ያለችውን ወረቀት ኪሱ ይዟት ይዞር ነበር።

የፊልሙ ታሪክ የድሮ ነው። ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ከግመል ነጋዴዎች ጋር የሚወርድ አንድ ፈረንጅ አለ፤ መንገድ ላይ ከብት ያልቃል፣ ጉድጓዱን መርዟል ተብሎ ይያዛል፣ ሕዝብ በዱላ ይገድለዋል። ሕዝቡ የኛው ሰው ነው፤ ከቀወት መንደሮች የመጡ ክርስቲያን ገበሬዎች፣ ከይፋት ቆላ የመጡ እስላሞች፣ ሁሉም የየራሱን ዱላ ይዞ። መቺው ሁሴን ነው፣ የግመል ባለቤት፣ ትከሻው በር የሚያህል የኔ ዕድሜ ጎረምሳ። ሚስተር ዓለምን ግመል አጫጫን ያስተማረው እሱ ነው፤ ቋንቋ ሳይኖራቸው ወዳጆች ሆነዋል። ዳይሬክተሩ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰው ነበር። ይህን ክፍል ነገ ከሰዓት ጨርሰን ድንኳን እንነቅላለን፤ ካልሆነ ንግግሩ ይቀራል፣ ሰውየው ከሩቅ በጥይት ይወድቅና ያልቃል ብሎ አስጠነቀቀ። ሚስተር ዓለም ይህን ሲሰማ ወረቀቷን ከኪሱ አውጥቶ አየና መልሶ ከተታት።

ያን ዕለት መጀመሪያ ዱላው ሲነሣ ብቻ ይቀረጽ ተባለ። ሚስተር ዓለምን እንጨት ላይ አሰሩት፣ ፊቱን አቧራ ቀቡት። እኔ «ጩኹ፣ ዱላ አንሡ፣ እንዳትነኩት» እያልኩ አስተረጉማለሁ። ሰው መጀመሪያ ይሥቅ ነበር፤ ሲደጋገም ግን ሳቁ ጠፋ። ሁለት መቶ ዱላ አንድ ላይ ሲነሣ ጨዋታ ነው ብትልም ሆድህ አይቀበለውም። ሚስተር ዓለምም ሥራውን ያውቅበታል፤ ሲለምን፣ ሲያለቅስ እውነት ይመስላል። በዚያ መሐል ሼህ እንድሪስ ከማሾ ማሳቸው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ደረሱ። የአገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ነገሩን ይዞ የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። ካሜራውን አላዩትም፤ ቢያዩትም ምን እንደሆነ አያውቁም። ያዩት የታሰረ ሰውና የተነሣ ዱላ ነው።

«በሕግ አምላክ!» አሉ።

ሁለት መቶ ዱላ አንድ ላይ ወረደ። የካሜራው ሞተር ብቻ ይሰማል። ዳይሬክተሩ ምን አሉ ብሎ ጮኸብኝ። በሕግ አምላክን በምን እንግሊዝኛ ልበለው? የሕግ ጌታ ስም ተጠርቷል፣ አቁሙ ተብሏል ብዬ ነገርኩት። እንግዲያው ይቀጥሉ በያቸው አለኝ። ማን ይቀጥላል! ክፍያ እጨምራለሁ አለ፣ ማንም አልሰማውም። ሁሴንን ጨዋታ እኮ ነው ብዬ ብለምነው ዱላውን ሥሩ አድርጎ ተቀመጠበት። «ለጨዋታም ቢሆን ተብሏል» አለኝ። ሚስተር ዓለም እንደታሰረ ከአንዳችን ፊት ወደ አንዳችን ፊት ያያል። ስፈታው የፈራ መስሎኝ ነበር። በዚህ ሁሉ ዓመት ስሞት አቁሙ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም አለኝ።

የዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ያኔ ሁለት ሰው ተያይዞ ደም ሊፋሰስ ሲል፣ አንዲት አሮጊት እንኳ ከደጃፏ በሕግ አምላክ ካለች እጅ ይሰበሰባል። ያልሰበሰበ ሕግ የደፈረ ተብሎ ለልጁ የሚድርለት ያጣል። ነገሩ እርቅ እስኪያገኝ፣ ቃሉን የተናገረው ሰው እስኪያነሣው ድረስ ዱላው አይመለስም። አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ እህቴ በአንዲት ፌስታል ልብስ ይዛ እኔ ጋ ወረደች። አንድ ጎረቤቷ ሽማግሌ መንገድ መሐል ቆመው ይህንኑ ቃል ሲጮኹ ሰምታለች፤ ማንም ግን አልቆመም። ቤቷ መቃጠሉን ስትነግረኝ ያላለቀሰች ሴት፣ ይሄን ስትነግረኝ ነው እንባዋ የመጣው። ሐሙስ ዕለት ልጄ የሚስተር ዓለምን ሥራዎች በስልኳ ፈልጋ አነበበችልኝ። የመጀመሪያዎቹ ላይ ስም እንኳ የለውም፤ «ወታደር»፣ «ዘብ»፣ «ሁለተኛው ሌባ» ነው የሚለው። ከኛው አገር ፊልም ወዲህ ግን የሚጫወተው ሰው ሁሉ ስም አለው፤ መርማሪ ሆኗል፣ ዳኛ ሆኗል፣ የብዙ ልጆች አባት ሆኗል። ልጄ ምን ተገኝቶ ነው ብላ ስትጠይቀኝ ሼህ እንድሪስ ናቸዋ አልኳት፤ ጃጀች ብላ ነው መሰል ስልኳን ይዛ ወደ ሱቋ ገባች።

በማግሥቱ ጠዋት ሚስተር ዓለምን ይዤ ሼህ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። በራቸው ላይ ካለችው የቁርቁራ ዛፍ ሥር አስቀመጡን። ቃላቸውን ያንሡልን ብዬ ለመንኩ፤ የሰውየው እንጀራ እንደሆነ፣ ከሰዓት ካላለቀ ንግግሩ እንደሚቀርበት አስረዳሁ። ረጋ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ጉድጓዱን መርዟል ወይስ አልመረዘም ብለው ጠየቁ። ታሪኩ ላይ አልመረዘም አልኳቸው። ንጹሕ ሰው ይገደል ብዬ እንዴት ቃሌን ላንሣ፣ በቀልድስ ቢሆን አንደበቴ እሺ ይለኛል ወይ አሉ። እኔም ያኔ ደሜ ሙቅ ነው፤ እርስዎ ሰውየውን አዳንኩ ብለው አፉን ሊዘጉት ነው አልኳቸው። ሽማግሌ ፊት እንዲህ መናገር ነውር ነበር፤ እናቴ ብትሰማ ትገርፈኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀና ብለው አዩኝ።

አንተስ መሞት ትፈልጋለህ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አሉኝ። ጠየቅሁት። ሚስተር ዓለም ወረቀቷን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋት። «ስሞት ኖሬአለሁ በያቸው። አንድም ቀን ግን የምናገረውን ሰምተው አልገደሉኝም። አሁንም ካልሰሙኝ፣ ከዚህ በኋላ የሚጠራኝ የለም» አለ። አስተረጎምኩ። ሼህ እንድሪስ ወረቀቷን በእጃቸው ይዘው ገለበጧት፤ ፊደሉን ባያውቁትም ረጅም መሆኑን አዩ።

ኑዛዜ ነው እንዴ አሉ። እኔ ምን ልበል፣ ከመሞቱ በፊት የሚናገረው ነው አልኳቸው። እንግዲያው ኑዛዜ ነው፣ እኛ ወሲያ እንለዋለን፣ የሟችን ወሲያ መከልከል አይቻለኝም አሉ። ወረቀቷን መለሱለት። ቃሌን አነሣለሁ፤ ግን ኑዛዜ ዱላ አንሥቶ፣ እየጮሁ አይሰማም፤ ቃሉን ይጨርስ፣ ሰውም ይስማው፣ ከዚያ በኋላ የአላህ ነው አሉ። ዳይሬክተሩ ይህን ስነግረው መኪናው ላይ ዕቃ እያስጫነ ነበር። የሁለት ደቂቃ ነገር መስሎት እሺ፣ እሺ ብሎ እጁን አወናጨፈ።

ከሰዓት እንደገና ታሰረ። ፀሐዩ ወደ አንኮበር ተራራ ማዘንበል ጀምሯል፤ ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ያያል። ሼህ እንድሪስ ከሰው ፊት ቆመው ቃላቸውን አነሡ፤ ኑዛዜውን ስሙ ብለውም ዞር አሉ። ካሜራው ተነሣ። ሰው ጮኸ፣ ዱላ ወጣ። ሚስተር ዓለም አፉን ሲከፍት ግን ሁሉም ዱላውን መሬት አስቀምጦ ቁጭ አለ። ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን አወለቀ። ዳይሬክተሩ ተነሡ በያቸው፣ ይጩኹ ብሎ ጆሮዬ ሥር ያንባርቃል። ካሜራውን የያዘው ሰው ዓይኑን ሳይነቅል በእጁ ዝም በል አለው።

ሚስተር ዓለም ከወረቀቱ ሁለት መሥመር ተናገረ። ሦስተኛው ላይ ቆመ። ቃሉ የጠፋው መሰለኝ፤ ከኔ ጋር ሲለማመደው ስለሰነበተ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ልንገረው ስል ግን ወደኔ አልዞረም። የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ እያየ ነበር። ከዚያ ጀመረ። እንግሊዝኛ አይደለም፤ የእናቱ ቋንቋ ነው። እኔ አልገባኝም፣ ዳይሬክተሩም አልገባውም። ቀስ ብሎ፣ እንደሚቆጣም እንደሚለምንም ሆኖ ተናገረ። መሐል ላይ ወደ መቺው ዞረና «ሁሴን» አለ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ለይተን የሰማነው እሷን አንዷን ቃል ነው። ሰው አጉረመረመ። ቀጠለ፣ ጨረሰ፣ አንገቱን ደፋ።

ሼህ እንድሪስ ከኋላ ጨርሷል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጠየቅሁት፤ አዎን ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ሰምተናል» አሉ ሼሁ። ሰውም በአንድ አፍ ሰምተናል አለ፤ እንዲያ ነው የኛ ወግ፣ ኑዛዜ ምስክር አለው። ዳይሬክተሩ አሁን ይምታው፣ አሁን፣ ፀሐዩ ሊገባ ነው አለኝ። ለሁሴን ነገርኩት። ሁሴን ተነሣ። ዱላውን ከመሬት አነሣና ከራሱ በላይ ሰቀለው። ሚስተር ዓለም ዓይኑን ጨፈነ። ጠበቅን። ዱላው አልወረደም።

«ስሜን ጠርቷል። ምን አወረሰኝ? ጠይቂልኝ» አለኝ።

ዳይሬክተሩ ምን አለ፣ ምን አለ ይላል። እሱን ትቼ ሚስተር ዓለም አጠገብ ሄድኩ፤ ስሙን ስለጠራህ ወራሽህ ያደረግኸው መስሎት ነው፣ ምን እንዳወረስከው ይጠይቅሃል አልኩት። ዓይኑን ገለጠ። ሊሥቅ መስሎኝ ነበር። ራሱን ቁልቁል አየ፤ ሸሚዙ የኩባንያው ነው፣ ጫማው የኩባንያው ነው፣ አገጩ ላይ ያለው ጢም እንኳ የተለጠፈ ነው።

«እዚህ የኔ የሆነ ዕቃ የለም በይው» አለኝ። «የኔ የሆነው አሁን የተናገርኩት ብቻ ነው። እሱን ይውሰደው።»

እንዳለው አስተረጎምኩ። ሁሴን ዱላውን ቀስ ብሎ አወረደ። ወደ ሼህ እንድሪስ ዞረ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቁርኣን ያስቀሩት እሳቸው ናቸው።

«ገዳይ አይወርስም፤ አይደል ሼሁ?»

«አይወርስም» አሉ።

«እንግዲህ እኔ ውርሴን አልለቅም» አለና ዱላውን ወንዙ ውስጥ ወረወረው። ከወገቡ ቢላዋውን ሲመዝ ፈረንጆቹ ጮኹ፤ እሱ ግን ገመዱን ነው የቆረጠው። ዳይሬክተሩ የሚለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፣ አንዱንም አላስተረጎምኩም። ካሜራውን የያዘው ሰው ግን ሞተሩን አላጠፋም። ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠው፤ ሚስተር ዓለምም አንጓውን እያሻሸ መሐላቸው ተቀመጠ፤ ያን ቀን ሳይሞት ዋለ።